ቀብድ ተቀብሎ የጠፋ ኮንትራክተር፦ ሕጉ ምን ይላል?

በአቃቂ ቃሊቲ ቤት የማይታደስበት ወቅት የለም። በቱሉ ዲምቱና በኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም የደረሳቸው ሰዎች ብዙ ጊዜ ቤቱን የሚረከቡት ፊኒሺንጉ ሳያልቅ ነው። ሴራሚኩ፣ ጂፕሰሙ፣ የኪችን ካቢኔቱ በራስ ወጪ ነው የሚሠራው። በነባሩ አቃቂ ደግሞ ቆርቆሮ የሚቀየርለት፣ ሰርቪስ ቤት የሚጨመርበት ግቢ ብዙ ነው።

ቅሬታው ግን ሁሉም ጋ ይመሳሰላል። "ግማሹን ከፈልኩት፣ አንድ ሳምንት ሠራ፣ ከዛ ስልኩ ዝግ ነው።" ወይም ደግሞ "ጨርሶ አስረክቦኝ ነበር፣ ክረምት ሲገባ ጣሪያው አፈሰሰ፣ ግድግዳው ተሰነጠቀ።"

ታዲያ ሕግ አለ ወይስ የለም?

አጭሩ መልስ፦ ለቤት እድሳት ብቻ ተብሎ የወጣ አዋጅ የለንም። ግን በፍትሐ ብሔር ሕጉ፣ በወንጀል ሕጉና በሸማቾች ጥበቃ አዋጁ ውስጥ ብዙ ሰው የማያውቃቸው ጠንካራ አንቀጾች አሉ። ችግሩ እነዚህ አንቀጾች የሚሠሩት ማስረጃ ለያዘ ሰው ነው። አንድ በአንድ እንያቸው።

📌 ቀብድ የተቀበለ ሰው ውሉን ካፈረሰ እጥፍ ይመልሳል

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ቀብድ ከቁጥር 1883 ጀምሮ ይናገራል። ቀብድ መሰጠቱ ራሱ ውል ለመኖሩ ማስረጃ ነው። በቁጥር 1885 መሠረት ደግሞ ሌላ ስምምነት ከሌለ በስተቀር፣ ቀብድ የሰጠው ሰው ውሉን ከተወ ቀብዱ ይቀርበታል፤ የተቀበለው ሰው ከተወ ግን የተቀበለውን እጥፍ አድርጎ ይመልሳል።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። "ቀብድ" እና "ቅድመ ክፍያ" በሕግ ፊት አንድ አይደሉም። ወረቀቱ ላይ "ቅድመ ክፍያ" ተብሎ ከተጻፈ የእጥፉን መብት መጠየቅ ሊከብዳችሁ ይችላል። ስለዚህ ቀብድ ከሆነ ቀብድ ብላችሁ ጻፉ። መጠኑ ግን አነስ ያለ ይሁን፤ ሐሳባችሁን ብትቀይሩ የምታጡት እናንተ ናችሁና።

📌 የ10 ዓመት ዋስትና

ይሄኛው ብዙዎችን ያስገርማል። የማይንቀሳቀስ ንብረትን በሚመለከት የሥራ ውል፣ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 3039 መሠረት ሥራ ተቋራጩ ከርክክብ ጀምሮ ለ10 ዓመት ሥራው በደንብ ስለመሠራቱና ስለ ጥንካሬው ዋስ ነው። ይህን ጊዜ የሚያሳጥር ወይም ዋስትናውን የሚያስቀር ስምምነት ውል ላይ ቢጻፍ እንኳ ዋጋ የለውም።

ለአቃቂ ነዋሪ ደግሞ ልዩ ትርጉም ያለው ነገር አለው። የአካባቢያችን ጥቁር አፈር ክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በጋ ደርቆ ይሰነጠቃል። ከላዩ ያለውን ግንብ ይዞት ይንቀሳቀሳል። ግድግዳው ሲሰነጠቅ የሠራው ሰው "እኔ ምን ላድርግ፣ አፈሩ ነው" ማለቱ የተለመደ ነው። ሕጉ ግን ተቋራጩ ተጠያቂ የሚሆነው በአሠራር ጉድለት ለሚመጣ ጉዳት ብቻ ሳይሆን፣ ሥራው ካረፈበት አፈር ዓይነት ለሚመጣ ጉዳትም ጭምር እንደሆነ ይናገራል። ስለዚህ "አፈሩ ነው" ማለት ብቻውን ከተጠያቂነት አያስመልጥም።

📌 መቼ ነው ወንጀል የሚሆነው?

ፖሊስ ጣቢያ የሄዱ ሰዎች "ይሄ የፍትሐ ብሔር ጉዳይ ነው" ተብለው እንደተመለሱ ይናገራሉ። አንዳንዴ ትክክል ነው። ሥራ ማዘግየት ወይም አበላሽቶ መሥራት ብቻውን ወንጀል አይደለም፤ ውል አለመፈጸም ነው።

ግን ሁለት ሁኔታዎች የተለዩ ናቸው።

👉 ሰውየው ገና ከመጀመሪያው ዋሽቶ ከሆነ፦ ለምሳሌ የሌለውን ፈቃድ አለኝ ብሎ፣ ወይም የሌላ ሰው ሥራ ፎቶ የራሴ ነው ብሎ አሳይቶ ገንዘብ ከወሰደ፣ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 692 (አታላይነት) ሊነሳበት ይችላል።

👉 ለሲሚንቶና ለብረት መግዣ ብላችሁ የሰጣችሁትን ብር ለራሱ ካዋለ፦ አንቀጽ 675 (እምነት ማጉደል) አለ።

ሁለቱም እንደ ከባድነታቸው እስከ 5 ዓመት ጽኑ እስራት ሊያስቀጡ ይችላሉ። ስለዚህ ጣቢያ ስትሄዱ "ሥራዬን አልጨረሰልኝም" ብቻ አትበሉ። ምን ብሎ እንደዋሸ፣ ብሩን ለምን ተብሎ እንደተቀበለ በቀንና በደረሰኝ አስረዱ።

📌 የሸማቾች አዋጅስ?

የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ዕቃ የሚገዛውን ብቻ ሳይሆን አገልግሎት የሚገዛውንም ሸማች ይላል። ለራሱ ወይም ለቤተሰቡ ቤት የሚያሳድስ ሰው ሸማች ነው ማለት ነው። ስለ አገልግሎቱ ትክክለኛ መረጃ የማግኘትና የደረሰበትን ጉዳት የመካስ መብት አለው። አቤቱታውን በክፍለ ከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት መጀመር ይቻላል። ቀን ስለሚቆጠር ግን ጉድለቱን እንዳያችሁ ሂዱ።

ክፍተቱ ምንድነው? ብዙው ጥገና የሚሠራው በእጅ ዋጋ፣ ንግድ ፈቃድ በሌለው ሰው ነው። አዋጁ ደግሞ የተጻፈው ነጋዴን አስቦ ነው። ደላላ ካመጣው፣ ስሙን እንኳ በቅጽል ብቻ ከምታውቁት ሰው ጋር ከተዋዋላችሁ ማንን ትከሳላችሁ?

📌 ሌላው ዓለም ምን አድርጓል?

በአሜሪካ የፔንሲልቬኒያ ግዛት በ2008 እ.ኤ.አ. ለዚሁ ጉዳይ ብቻ ሕግ አወጣች። ቤት የሚያድሱ ኮንትራክተሮች በዐቃቤ ሕግ መሥሪያ ቤት መመዝገብ አለባቸው። ከ500 ዶላር በላይ የሆነ ሥራ በጽሑፍ ውል መሆን አለበት። የውሉ ዋጋ ሕጉ ካስቀመጠው መጠን ካለፈ፣ በልዩ ትዕዛዝ ከሚመጣ ዕቃ ዋጋ ውጪ፣ ከሲሶ በላይ ቀድሞ መቀበል አይቻልም። ባለቤቱም ከፈረመ በኋላ በ3 ቀን ውስጥ ሐሳቡን መቀየር ይችላል። ካሊፎርኒያ ደግሞ ትጠብቃለች፦ ቅድሚያ የሚከፈለው ከዋጋው 10 በመቶ ወይም 1,000 ዶላር፣ ከሁለቱ ያነሰው ነው።

እኛ ጋ የጎደለው ይሄ ነው። ቅጣትም ዋስትናም አለን፤ ብሩ ከእጃችን ከመውጣቱ በፊት የሚያቆም ገደብ ግን የለንም። ሕግ አውጪው እስኪያስብበት ገደቡን ራሳችን ውላችን ላይ መጻፍ እንችላለን። የሚከለክለን የለም።

📝 ውሉ ላይ ምን ይጻፍ?

1. የሰውየው ሙሉ ስም ከነአያቱ፣ የመታወቂያ ወይም የፋይዳ ቁጥር፣ አድራሻ። ፈቃድ አለኝ ካለ ቁጥሩን ተቀብላችሁ በንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር ኢ-ትሬድ ድረ ገጽ ላይ አረጋግጡ።
2. ሥራው በዝርዝር፦ ስንት ካሬ፣ የዕቃው ዓይነትና መጠን፣ ቁሳቁሱን የሚገዛው ማን እንደሆነ።
3. ክፍያ በደረጃ። ለምሳሌ የ300,000 ብር ሥራ ከሆነ 30,000 ቀብድ፣ ቀሪው ሥራው ባለቀ ቁጥር፣ የመጨረሻው 30,000 ደግሞ ከርክክብ በኋላ ጉድለት ታይቶ።
4. የሚያልቅበት ቀን፣ ካለፈ በቀን ስንት ብር መቀጫ እንደሚከፈል።
5. የሁለታችሁም ፊርማና የሁለት ምስክሮች ፊርማ።

ክፍያው በራሱ ስም በተከፈተ ሒሳብ ወይም በቴሌብር ይሁን፤ ምክንያቱንም ጻፉበት። "የወንድሜ አካውንት ላይ አስገቡልኝ" ካለ እዛው ቁሙ።

🚨 ቀድሞ ከጠፋስ?

ሌላ ሠራተኛ ከማስገባታችሁ በፊት ሥራው ያለበትን ሁኔታ በፎቶና በቪዲዮ ያዙ። ቀጥሎ በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ስጡት፤ ቁጥር 1772 ውል አልተፈጸመም ብሎ ለመጠየቅ መጀመሪያ ማስጠንቀቂያ ይላል። ከዛ ሥራውን ለመጨረስ ስንት እንደሚያስፈልግ ከሌላ ባለሙያ በጽሑፍ ግምት አውጡ። በቁጥር 1777 መሠረት ፍርድ ቤት ሥራውን በሌላ ሰው አስጨርሳችሁ ወጪውን ከሱ እንድትጠይቁ ሊፈቅድላችሁ ይችላል።

"በቃል ብቻ ነበር የተስማማነው" ለምትሉም ተስፋ አለ። በቁጥር 1719 መሠረት ውል በመርህ ደረጃ የተለየ ፎርም አያስፈልገውም። የባንክ ደረሰኝ፣ የቴሌግራም መልእክት፣ ሲስማሙ ያየ ጎረቤት ሁሉም ይጠቅማል። መልእክቶቹን አታጥፉ።

ይሄ ጽሑፍ ለጠቅላላ ግንዛቤ ነው፤ ጉዳያችሁን ለጠበቃ ወይም በነጻ የሕግ ድጋፍ ለሚሰጡ ባለሙያዎች አሳዩ። ኮንዶሚኒየም ደርሶት ፊኒሺንግ ሊጀምር ላለ ጓደኛችሁ ግን ቀብድ ከመክፈሉ በፊት ሼር አድርጉለት 🙏