ባትሪ የሌለው እሳት

እ.ኤ.አ. በ1897 ፍሬድሪክ ሲምስ የተባለ ነጋዴ አንድ ጥያቄ ይዞ ጀርመን፣ ሽቱትጋርት ወደሚገኘው የሮበርት ቦሽ ወርክሾፕ ሄደ። በዴ ዲዮን ቡቶን ባለሦስት እግር ተሽከርካሪ ሞተር ላይ ማግኔቶ፣ ማለትም ያለ ባትሪ የማቀጣጠያ ብልጭታ የሚሰጥ መሣሪያ፣ ይገጠምልኝ አለ። ቦሽ ለማግኔቶ እንግዳ አልነበረም፤ ከአሥር ዓመት በፊት ጀምሮ ይሠራው ነበር። የሚሠራው ግን አንድ ቦታ ተተክለው በዝግታ ለሚዞሩ የፋብሪካ ሞተሮች ነው። በእነዚያ ላይ ሽቦ የተጠመጠመበት ከባድ ብረት በማግኔት መካከል ወዲያና ወዲህ እየተወዛወዘ ኤሌክትሪክ ያመነጫል። የዴ ዲዮን ሞተር በደቂቃ ከ1500 ጊዜ በላይ ይዞራል። ያ ክብደት በዚህ ፍጥነት መመላለስ አይችልም።

መላውን የመታው የወርክሾፑ ፎርማን አርኖልድ ዜሪንገር ነው። ከባዱን ጥቅልል ባለበት አቆመና በዙሪያው ቀላል የብረት እጅጌ እንዲወዛወዝ አደረገ። የፍጥነቱ ነገር ተፈታ።

ሌላው ችግር ግን ሲሊንደሩ ውስጥ ቀረ። ብልጭታው የሚወጣው እዚያ የተገናኙ ሁለት ብረቶች ሲላቀቁ ነበር፤ የሚያላቅቃቸው ዘንግ ደግሞ ከውጭ መግባት አለበት። እሳት ውስጥ የሚንቀሳቀስ ብረት ቶሎ ይበላል፣ ልኩም ይዛነፋል። ሞተሩ በፈጠነ ቁጥር ችግሩ ይብሳል።

ይህን እንዲፈታ የተመደበው ቀደም ሲል እዚያው በተለማማጅነት የሠራው ጎትሎብ ሆኖልድ ነው። ሆኖልድ ማላቀቁን ከሲሊንደሩ አወጣው። በአንድ ብረት ላይ ሁለት ጥቅልል አደረገ፦ አንደኛው ጥቂት ዙር ያለው ወፍራም ሽቦ፣ ሁለተኛው እጅግ ብዙ ዙር ያለው ቀጭን ሽቦ። ከሲሊንደሩ ውጭ ያለው ማላቀቂያ፣ ፑንቲናው፣ ተከፍቶ በወፍራሙ የሚሄደውን ኤሌክትሪክ ድንገት ሲቆርጠው፣ በቀጭኑ ላይ በሺዎች የሚቆጠር ቮልት ይነሳል። ያ ኃይል ካንዴላው ጫፍ ላይ ያለውን ክፍተት ዘሎ ያልፋል፤ ሲሊንደሩ ውስጥ የሚንቀሳቀስ የማቀጣጠያ ብረት አያስፈልግም። ፑንቲናው ራሱ በብልጭታ እንዳይቃጠል፣ መቁረጡም ስለታም እንዲሆን ኮንደንሰር ተጨመረበት። ፓተንቱ የተመዘገበው በጥር 1902 ነው።

በ1914 ጦርነት ሲፈነዳ፣ ለማግኔቶ ጀርመንን ስትጠብቅ የኖረችው ብሪታንያ እጥረት ገጠማትና የራሷን ፋብሪካዎች ወደ ሥራው አስገባች። በኋላ በእንግሊዝ ሞተር ብስክሌቶች ላይ የታዩት የሉካስና የቢ.ቲ.ኤች. ማግኔቶዎች የዚህ ጥረት ውጤት ናቸው። እንደ ኖርተን ማንክስ ላሉ የውድድር ሞተሮች ደግሞ ማግኔቶ ተመራጭ ነበር፤ ባትሪ መሸከም ይቀራል፣ ፍጥነት ሲጨምርም ብልጭታው ይበረታል።

ዛሬ እንዲህ ያለውን ሞተር አድሶ ሽቦ የሚዘረጋ ሰው የሚያገኘው ሥራ በጣም ትንሽ ይመስላል። ባለ አንድ ሲሊንደር ከሆነ ከማግኔቶው ወደ ውጭ ከሚወጡት ሁለት ሽቦዎች (የውስጥ ጥቅልሎቹ አይደሉም) ወፍራሙ ወደ ካንዴላው ይሄዳል፤ ቀጭኑ ወደ ማጥፊያው። ግራ የሚያጋባው ይኸው ቀጭኑ ነው። በባትሪ የሚሠራ ሞተር ሽቦው ሲበጠስ ይጠፋል። እዚህ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፦ ማጥፊያው ሲጫን ቀጭኑን ሽቦ ከሞተሩ አካል ጋር ያገናኘዋል። ያኔ ፑንቲናው ቢከፈትም ኤሌክትሪኩ ሌላ መንገድ ስላገኘ አይቆረጥም፤ ካልተቆረጠ ብልጭታ የለም።

ስለዚህ አዲስ ታድሶ፣ ተቀብቶ፣ ካንዴላው ግን ጭል የማይልበት ሞተር ሲያጋጥም የመጀመሪያው ፍተሻ ይህን ሽቦ ከማግኔቶው መንቀል ነው። ሽቦው ተነቅሎ ብልጭታው ከመጣ ማግኔቶው ደኅና ነው፤ የሆነ ቦታ ፍሬም ላይ ተቆንጥጦ ልባሱ ተልጧል ወይም ማጥፊያው ተጣብቋል ማለት ነው። በተቃራኒው ሽቦው መንገድ ላይ ከተበጠሰ ሞተሩ ያለ ችግር ይነሳል፣ አሽከርካሪው ሊያጠፋው ሲጫን ግን አይታዘዝም። በውድድር ሜዳ ይህኛው ነው የሚያስፈራው።

ሽቦው ንጹሕ ሆኖ፣ ሞተሩ በብርዱ በአንድ ግፊት ተነስቶ ሲሞቅ ብቻ የሚጠፋ ከሆነስ? ጥርጣሬው ወደ ኮንደንሰሩ ይዞራል። በብዙዎቹ የሉካስ ማግኔቶዎች ኮንደንሰሩ የተቀበረው ከጥቅልሉ ጋር አብሮ በሚዞረው ክፍል ውስጥ ነው። ዕድሜ የበላው የወረቀት ልባስ ሲግል ኤሌክትሪክ ያሾልካል፤ ፑንቲናው ላይ ብልጭታ ይበዛል፣ ካንዴላው ላይ ይሳሳል። ሞተሩ በርዶ ጠረጴዛ ላይ ሲፈተሽ ግን ሁሉም ደኅና ይመስላል። ለዚህ ነው ልምድ ያላቸው አዳሾች ማግኔቶን አሙቀው ሳይፈትሹ ወደ ፍሬሙ የማይመልሱት።