የይለፍ ቃል መዋዋስ እና የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የማሳወቅ ግዴታ

ሮቤ፦ በባሌ ዞን ዋና ከተማ ሮቤ እና 14 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው ጎባ ያሉ የመንግሥት ተቋማት ተጠሪነታቸው አንድ አይደለም። የመደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲና በሥሩ ያለው የጎባ ሪፈራል ሆስፒታል የፌዴራል መንግሥት ተቋማት ሲሆኑ፣ የዞኑ ጽሕፈት ቤቶች የኦሮሚያ ክልል መንግሥት መዋቅር ናቸው። በኮምፒውተር የሚፈጸም ወንጀልን በተመለከተ ግን ሁሉም የሚገዙት በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ነው።

አዋጁ ያለ ፈቃድ ወይም ከተሰጠው ፈቃድ በላይ፣ ሆን ብሎ የኮምፒውተር ሥርዓትን ወይም ዳታን ያገኘ ሰው እስከ 3 ዓመት በሚደርስ ቀላል እሥራት ወይም ከ30 ሺህ እስከ 50 ሺህ ብር በሚደርስ መቀጮ ወይም በሁለቱም እንደሚቀጣ ይደነግጋል። ድርጊቱ በቁልፍ መሠረተ ልማት ላይ ሲፈጸም ቅጣቱ ከ5 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እሥራት ይደርሳል።

«ከተሰጠው ፈቃድ በላይ» የሚለው ሐረግ የመንግሥት ሠራተኛውን በቀጥታ ይመለከታል። የተማሪዎችን ውጤት እንዲያይ ብቻ የተፈቀደለት ሠራተኛ፣ በባልደረባው የይለፍ ቃል ገብቶ ውጤት ቢቀይር ተጠያቂ ነው። ሥራው ሳይሆን የታካሚን ማህደር ሆን ብሎ የሚከፍትም እንዲሁ።

አንድ የይለፍ ቃል ለሦስትና ለአራት ሠራተኞች የጋራ ሲሆን (ብዙውን ጊዜ ሥራ እንዳይስተጓጎል በሚል ቅን ምክንያት ነው) ሥርዓቱ መዝግቦ የሚይዘው የአንዱን ስም ብቻ ነው። ጥፋት ሲደርስ በቅድሚያ የሚጠረጠረውም ምናልባት በዕለቱ ከቢሮ ያልነበረው ባለስሙ ይሆናል።

አንድ የመንግሥት አካል በሚያስተዳድረው ሥርዓት ወንጀል መፈጸሙን ሲያውቅ፣ ወዲያውኑ ለኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት ተቋም ማሳወቅ፣ ለፖሊስ ሪፖርት ማድረግና ተገቢውን እርምጃ መውሰድ እንዳለበት አዋጁ ያዛል። በ1999 ዓ.ም. በኤጀንሲነት የተቋቋመውና በ2006 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 808/2006 እንደገና የተደራጀው ይህ ተቋም፣ ዛሬ የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር ተብሎ ይጠራል።

ስለዚህ የመሥሪያ ቤቱ ስም እንዳይነሳ በሚል ጉዳዩን በውስጥ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ መዝጋት ከግዴታው ነፃ አያደርግም። ኮምፒውተሩን በችኮላ ፎርማት ማድረግ ደግሞ የከፋ ነው፤ ማን፣ መቼ እንደገባ የሚያሳየው ማስረጃ አብሮ ይጠፋል።

ሠራተኛ ሲዛወር ወይም ሲለቅ የሚሞላው ክሊራንስም ሊታይ ይገባል። ወንበሩ፣ ጠረጴዛውና ቁልፉ ተቆጥረው ርክክብ ሲፈረምባቸው፣ የመግቢያ ስሙ መዘጋቱን የሚያረጋግጥ ፊርማ በቅጹ ላይ ከሌለ፣ ከሮቤ ወደ ሌላ ወረዳ የሄደ ሰው የቀድሞ መሥሪያ ቤቱን ፋይል መክፈት እንደቻለ ይቆያል።