ፓራሜዲኮችን ለእሳት አደጋ ሥራ ማሠልጠን፦ የገንዘብ ድጋፍ ከመጠየቁ በፊት የጤና ባለሙያው ሊያነሳቸው የሚገቡ ጥያቄዎች

መግቢያ

በቤት ቃጠሎ ሕይወታቸውን ከሚያጡ ሰዎች ብዙዎቹን የሚገድላቸው ነበልባሉ ሳይሆን ጭሱ መሆኑ ለጤና ባለሙያ እንግዳ ነገር አይደለም። ካርቦን ሞኖክሳይድ ከሄሞግሎቢን ጋር የሚጣበቅበት ኃይል ከኦክስጂን ከ200 ጊዜ በላይ ይበልጣል። የተለመደው ፐልስ ኦክሲሜትር ሁለቱን ለይቶ ማንበብ ስለማይችል፣ ሕመምተኛው ኦክስጂን እያጣ መሣሪያው ግን መደበኛ ቁጥር ሊያሳይ ይችላል። ስለሆነም ጭስ የታፈነ ሰው የመዳን ዕድል በአብዛኛው የሚወሰነው ሆስፒታል ከመድረሱ በፊት፣ በምን ያህል ፍጥነት እንደወጣና ኦክስጂን መቼ እንደተሰጠው ነው።

ማውጣቱ የእሳት አደጋ ሠራተኛው፣ ማከሙ የፓራሜዲኩ ድርሻ ነው። ሁለቱን በአንድ ሰው ለማዋሐድ ሲባል ፓራሜዲኮችን በእሳት አደጋ ሥራ ጭምር ማሠልጠን፣ ማለትም ጥምር ሥልጠና፣ በተለይ በአሜሪካ ተስፋፍቷል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በዚያ አገር ለዚሁ ሥልጠና ገንዘብ የሚገኝበትን መንገድ ማስረዳትና የጤና ባለሙያው በጥያቄው ዝግጅት ላይ ሊኖረው የሚገባውን ድርሻ ማመልከት ነው።

የጥምር ሥልጠና አመጣጥና ምክንያት

በሲያትል ከተማ እ.ኤ.አ. በ1970 የልብ ሐኪሙ ሌናርድ ኮብና የእሳት አደጋ አዛዡ ጎርደን ቪከሪ ያስጀመሩት አገልግሎት የእሳት አደጋ ሠራተኞችን ፓራሜዲክ አድርጎ የሚያሠለጥን ነበር። በኒውዮርክ በአንጻሩ የከተማው የአምቡላንስ አገልግሎት እ.ኤ.አ. በ1996 ከእሳት አደጋ መሥሪያ ቤቱ ጋር ቢዋሐድም፣ የሁለቱ ሙያ ሠራተኞች ሥራቸው እንደተለያየ ቀጥሏል። ከዚህ የምንረዳው አንድ መሥሪያ ቤት መሆን ሁልጊዜ አንድ ሙያ መሆን ማለት እንዳልሆነ ነው።

ሠራተኛ የሚያንሳቸው ትንንሽ ከተሞች ጥምር ሥልጠናን የሚሹበት ዋነኛ ምክንያት ግን ሌላ ነው። በአሜሪካ የሥራ ደኅንነት ደንብ መሠረት ሁለት ሠራተኞች ወደሚቃጠል ቤት ሲገቡ፣ እነርሱን ለማዳን የተዘጋጁ ቢያንስ ሁለት ሰዎች ውጭ መኖር አለባቸው። ቡድኑ እስኪሟላ ሳይጠበቅ ሰውን ለማዳን መግባት የሚፈቀድበት ሁኔታ ቢኖርም፣ ዋናው ሕግ ይኸው ነው። በአንድ መኪና ሦስት ሰው ብቻ ለሚያሰማራ ጣቢያ፣ ከአምቡላንሱ የሚወርዱት ሁለት ባለሙያዎች የእሳት አደጋ ሥልጠና ካላቸው ቁጥሩ ይሞላል።

የገንዘቡ ምንጭ

የአሜሪካ ፌዴራላዊ መንግሥት ለእሳት አደጋ መሥሪያ ቤቶች የሚሰጠው ቀጥተኛ የገንዘብ ድጋፍ እ.ኤ.አ. በ2001 ተጀመረ። ይህ ፕሮግራም ለሥልጠና፣ ለመከላከያ ልብስ፣ ለመሣሪያና ለሠራተኞች ጤንነት ክትትል የሚውል ነው። አዲስ ሠራተኛ ለመቅጠር የሚሰጠው ድጋፍ እ.ኤ.አ. በ2005 በተጀመረው ሌላ ፕሮግራም ሥር ይገኛል። ስለዚህ ጠያቂው አስቀድሞ ሊወስን የሚገባው የጎደለው ሰው ነው ወይስ ሥልጠና የሚለውን ነው።

ለመጀመሪያው ፕሮግራም ከእሳት አደጋ መሥሪያ ቤቶች ሌላ፣ ከሆስፒታል ጋር ያልተያያዙና ለትርፍ ያልተቋቋሙ የአምቡላንስ ድርጅቶችም ማመልከት ይችላሉ። ሆኖም ለእነዚህ ድርጅቶች የሚውለው ከጠቅላላው ገንዘብ ከ2 በመቶ እንዳይበልጥ ሕጉ ስለሚገድብ፣ የጥምር ሥልጠና ጥያቄ በእሳት አደጋ መሥሪያ ቤቱ በኩል ቢቀርብ ይመረጣል።

ተቀባዩም የራሱን ድርሻ ያዋጣል። መዋጮው የሕዝቡ ብዛት እስከ 20,000 ለሆነ አካባቢ ከተሰጠው ድጋፍ 5 በመቶ፣ ከዚያ በላይ እስከ 1 ሚሊዮን ለሆነ 10 በመቶ፣ ከ1 ሚሊዮን በላይ ለሆነ ደግሞ 15 በመቶ ነው። ለምሳሌ 15,000 ነዋሪ ያላት ከተማ 100,000 ዶላር ብታገኝ ከራሷ 5,000 ዶላር ትጨምራለች። ዝርዝር መመሪያው በየዓመቱ ስለሚታደስ የዓመቱን ማስታወቂያ ማንበብ ግድ ነው።

ማመልከቻው ማሳየት የሚገባው

ማመልከቻውን ከሚመዝኑት መካከል በእሳት አደጋ ሙያ የቆዩ ባልደረቦች ይገኙበታል። የሚጠይቁትም የገንዘብ ችግሩን፣ የፕሮጀክቱን ዝርዝርና በጀት፣ ከወጪው አንጻር የሚገኘውን ጥቅም፣ እንዲሁም በዕለት ተዕለት ሥራ ላይ የሚያመጣውን ለውጥ ነው። በእነዚህ ላይ ሐኪሙና ሌላው የጤና ባለሙያ ሦስት ጥያቄዎችን መጨመር ይገባቸዋል።

አንደኛ፣ ፓራሜዲኩ ሥልጠና ላይ ሳለ አምቡላንሱ ላይ ማን አለ? የመሠረታዊ እሳት አደጋ ሥልጠና ሳምንታትን የሚወስድ ነው። ተተኪው የሚከፈለው የትርፍ ሰዓት ክፍያ በበጀቱ ካልተካተተ፣ ለሕዝብ ደኅንነት የታሰበው ሥልጠና ሕዝቡን ያለ አምቡላንስ ያስቀራል።

ሁለተኛ፣ የሠልጣኙ ጤና እንዴት ይጠበቃል? በአሜሪካ በሥራ ላይ ከሚሞቱት የእሳት አደጋ ሠራተኞች ግማሽ ለሚጠጉት ምክንያቱ ድንገተኛ የልብ ችግር ነው። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲም እ.ኤ.አ. በ2022 የእሳት አደጋ ሥራን ካንሰር አምጪነታቸው ከተረጋገጠ ነገሮች ምድብ አስገብቶታል። ፓራሜዲኩን ወደ ጭሱ ስናስገባ ይህን አደጋ አብረን እናሸክመዋለን። ስለሆነም የልብና የሳንባ ምርመራ፣ በልኩ የተፈተሸ የመተንፈሻ ጭንብል፣ መለወጫ ልብስና የዓመት ክትትል የፕሮጀክቱ ዋና አካል እንጂ ትርፍ ወጪ አይደሉም።

ሦስተኛ፣ በአደጋው ቦታ ሕመምተኛውን የሚይዘው ማን ነው? ገንዘቡ ሥልጠናን ይገዛል እንጂ አንዱን ሰው ሁለት አያደርገውም። ደረት እየተጫነ ልብ ለማስነሳት የሚታገል ባለሙያ በዚያው ቅጽበት ለነፍስ አድን የተዘጋጀ ተጠባባቂ ሊባል አይችልም። ስለዚህ ሕመምተኛ ከተገኘ ማን ከእሳቱ ሥራ ወጥቶ ወደ ሕክምና እንደሚዞር፣ በእርሱም ቦታ ማን እንደሚተካ አስቀድሞ በጽሑፍ መወሰን አለበት። የሕክምና ክህሎቱም እንዳይዳከም ቱቦ የማስገባትና የልብ ምት የማንበብ ብቃት ከሥልጠናው በፊትና በኋላ ይለካ፤ የልምምድ ሰዓትም ይመደብለት።

ለአገራችን ያለው ትምህርት

ከላይ የተገለጸው ገንዘብ ለአሜሪካ ተቋማት ብቻ የተመደበ ነው፤ ጥያቄዎቹ ግን የእኛም ናቸው። በአዲስ አበባ የእሳትና አደጋ ሥራ አመራር ኮሚሽን ከእሳት ማጥፋት ጎን ለጎን የአምቡላንስ አገልግሎት ይሰጣል፤ ሁለቱ ሙያዎች በአንድ ጣሪያ ሥር ይገናኛሉ ማለት ነው። በድንገተኛ ክፍል ተረኛ ሆኜ ባሳለፍኳቸው ሌሊቶች፣ ከቃጠሎ የወጡ ሰዎች መንገድ ላይ አንድም ጊዜ ኦክስጂን ሳያገኙ በታክሲ ሲደርሱ አይቻለሁ። ለእነዚህ ወገኖች ፓራሜዲኩ ቧንቧ መያዝ ከመቻሉ ይልቅ የእሳት አደጋ ሠራተኛው ኦክስጂን መስጠት መቻሉ ይቀድም ይሆናል። የትኛው እንደሚቀድም የሚታወቀው ግን የራስን የጥሪ መዝገብ በማገላበጥ ነው።

ማጠቃለያ

ጥምር ሥልጠና በአግባቡ ከታቀደ ደቂቃዎችን ያተርፋል፤ ሳይታቀድ ከተሠራ ግን ሕመምተኛውን ያለ ሐኪም ዓይን፣ ሠራተኛውን ያለ ጤና ጥበቃ ያስቀራል። ስለሆነም የጤና ባለሙያዎች ማመልከቻው ተጽፎ ካለቀ በኋላ ፊርማ ለማኖር ብቻ ሳይሆን፣ የመጀመሪያው መሥመር ሲጻፍ ጀምሮ ሊገኙ ይገባል።