የሃይብሪድ መኪና የካምቢዮ ዘይት

እዚህ ናይሮቢ አባቴ ከጃፓን በመጣ ቶዮታ አኳ የታክሲ ሥራ ይሠራል። የዚህ ሃይብሪድ መኪና ካምቢዮ ቺንጋ የለውም፤ በውስጡ ማርሾችና 2 የኤሌክትሪክ ሞተሮች አሉ። ዘይቱ ማርሾቹን ያለሰልሳል፣ ሞተሮቹንም ያቀዘቅዛል። ስለዚህ የሚሞላው ቶዮታ ያዘዘው «ደብሊው ኤስ» የተባለው ዘይት ነው።

ሲቀየር መኪናው ደልዳላ ቦታ ላይ ይቆማል። መጀመሪያ የሚፈታው የላይኛው የመሙያ ቡሎን ነው። አንድ መካኒክ የታችኛውን አስቀድሞ ዘይቱን አፈሰሰ፤ የላይኛው ዝጎ አልፈታ አለ። አባቴ 3 ቀን ያለ ሥራ ዋለ።

ማፍሰሻው ከታሰረ በኋላ አዲሱ ዘይት ይጨመራል፤ ከመሙያው ቀዳዳ መፍሰስ ሲጀምር በቃው ማለት ነው። መሙያው ሳይከፈት ግን ማፍሰሻው አይነካ።