አንድ ክር ይዞ የሚገጥመው አዝማሪ

ማሲንቆን ጠጋ ብሎ ያየ ሰው፣ ያ ሁሉ ዜማ ከዚህ መውጣቱ ይደንቀዋል። በማዕዘኑ የቆመ አራት ማዕዘን የእንጨት ሳጥን ነው፤ ቆዳ ተወጥሮበታል፤ ከላዩ ረዘም ያለ አንገት አለው፤ ክሩ ግን አንድ ብቻ ነው። ክሩ ከፈረስ ጭራ ይሠራል፤ የደጋኑም እንዲሁ። ጭራ በጭራ ላይ ተፋትጎ የሚጮኸው ዕጣን ወይም ሙጫ ሲቀባ ነው፤ ካልተቀባ ደጋኑ ዝም ብሎ ይንሸራተታል።

የግራ እጅ ጣቶች ክሩን እስከ አንገቱ እንጨት ድረስ አይጫኑትም፤ ከጎኑ ነካ ብቻ ያደርጉታል። ድምፁ እንደ ሰው ጉሮሮ የሚርገበገበው፣ አንዳንዴም የሚያቃስተው በዚህ ነው። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺ ሆዬ ሁሉም በዚያችው ክር ይወጣሉ።

ለእኔ ግን የማሲንቆው ትልቁ ውለታ ለአዝማሪው ማሰቢያ ጊዜ መስጠቱ ነው። ከታዳሚው አንዱ «ተቀበል!» ብሎ ስንኝ ይሰጠዋል። አዝማሪው ስንኙን በዜማ ይመልሰዋል፤ ከዚያ ደጋኑን ጥቂት ይስባል። ሰዉ ዜማውን ሲሰማ እሱ ቤት ይመታል፤ ስለ ሰውየው አዲስ ኮት፣ አጠገቡ ስለተቀመጠችው፣ ስለ ኑሮው ውድነት። ስንኙ ሲወጣ ሰሙ ለሁሉም ይደርሳል፤ ወርቁ የገባው ቀድሞ ይስቃል፤ ተነሥቶም አዝማሪው ግንባር ላይ ብር ይለጥፍለታል። ብዙ ጊዜ ከአጠገቡ ከበሮ የምትመታና የምታዜም ሴት አለች፤ ሚስቱ ወይም የሥጋ ዘመዱ።

ሙያው በዘር ይወረሳል። ጎንደርና ወሎ ውስጥ ልጆች ከአባትና ከአጎት እግር ሥር ሆነው ሰርግና ድግስ እየዞሩ ይማሩታል። ሌላው የማይሰማው የራሳቸው መግባቢያም አላቸው፤ በታዳሚው ፊት የሚመካከሩት በእሱ ነው።

በ1900 ዓ.ም. ገደማ ገጣሚውና ዜመኛው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ጀርመን አገር ያስቀረጿቸው ሸክላዎች ከመጀመሪያዎቹ የኢትዮጵያ ሙዚቃ ቅጂዎች መካከል ናቸው። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. የፋሺስት ኢጣሊያ እንደራሴ በነበረው በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ ደግሞ ፋሺስቶቹ አዝማሪዎችን እያደኑ ገደሉ፤ ዘፈናቸው ሕዝቡን ያነሣሣል ብለው ፈርተው። ጠላት እንኳ እንዲህ የፈራውን ሙያ እኛ ለስድብ ስናውለው መኖራችን ያንገበግበኛል። «ልጄን ለአዝማሪ አልድርም» ሲባል ያልሰማ አለ?

ዛሬ ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ማሲንቆን ያስተምራል፤ ተማሪው ኖታ አንብቦ ይጫወታል፤ ደግ ነው። «ተቀበል!» ሲሉት ወዲያው መግጠምን ግን የሚማረው አዝማሪ ቤት አምሽቶ ነው፤ ትምህርት ቤቱ አንጋፋዎቹን አዝማሪዎች በመምህርነት ቢጋብዝ ተማሪው ሁለቱንም ባገኘ ነበር።