ከቀድሞ አከራይ ላይ በፍርድ የተወሰነ ገንዘብ እንዴት እንደሚሰበሰብ

ሱቅ ተከራይቶ የሚነግድ ሰው ቤቱን በሚለቅበት ጊዜ ከአከራዩ ጋራ የሒሳብ ክርክር የሚገጥመው ብዙ ጊዜ ነው። ለምሳሌ አንድ ባለሱቅ በወር 10,000 ብር ሒሳብ የ6 ወር ኪራይ አስቀድሞ ከፍሎ፤ ከ2 ወር በኋላ በሁለቱም ወገን ስምምነት ቤቱን ለቀቀ፤ የቀረው የ4 ወር ኪራይ 40,000 ብርም ሊመለስለት ተስማሙ እንበል። አከራዩ ቃሉን አጥፎ ነገሩ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ ዳኛውም ማስረጃውን መርምረው ገንዘቡ ይመለስ ሲሉ ፈረዱ። ባለሱቁ ደስ ብሎት ወደ ሥራው ይመለሳል፤ ነገር ግን ወር በወር ላይ ሲተካ ገንዘቡ አይመጣም።

ይህ የሚሆነው ፍርዱ ጐድሎ አይደለም። ፍርድ መብትን ያረጋግጣል እንጂ ገንዘቡን ከባለዕዳው ኪስ አውጥቶ ለባለገንዘቡ አያደርስም። የተፈረደበት ሰው በፈቃዱ ካልከፈለ፤ የተፈረደለት ሰው ፍርዱ ይፈጸምልኝ ብሎ እንደገና ማመልከት አለበት።

በ1958 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ፤ በቁጥር 378፤ የአፈጻጸም ማመልከቻ ምን ምን መያዝ እንዳለበት ይዘረዝራል። ከእነዚህም ዋና ዋናዎቹ የመዝገቡ ቁጥር፤ የባለጉዳዮቹ ስም፤ ፍርዱ የተሰጠበት ቀን፤ ይግባኝ ተጠይቆ እንደ ሆነ፤ ከዕዳው የተከፈለ ነገር ቢኖር መጠኑ፤ የሚፈለገው ገንዘብና የአፈጻጸሙ ዐይነት ናቸው። ስለዚህ ነጋዴው የፍርዱን ግልባጭ በጊዜው አውጥቶ በደኅና ቦታ ማኖር ይገባዋል። ባለዕዳው «ይግባኝ ብያለሁ» ቢል፤ ይግባኝ ማለት ብቻውን አፈጻጸሙን አያቆመውም፤ የሚያቆመው ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት የሚሰጠው የእግድ ትእዛዝ ነው። በሌላ በኩል ደግሞ ነገሩን ችላ ማለት ያስቀጣል፤ ፍርዱ ከተሰጠ 10 ዓመት ካለፈ በኋላ የሚቀርብ ጥያቄ በይርጋ ሊታገድ ይችላልና።

ስለ ወለድም ማሰብ ያሻል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1751 ሕጋዊውን ወለድ በዓመት 9 ከመቶ አድርጎ ወስኖታል። ከላይ ለተጠቀሰው 40,000 ብር ይህ በዓመት 3,600 ብር፤ በወር 300 ብር ይሆናል። ወለዱ በፍርዱ ውስጥ ተጽፎ እንዲገኝ ግን ክሱ በሚቀርብበት ጊዜ አብሮ መጠየቅ አለበት። የዳኝነትና ሌላውም ወጪ እንዲሁ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ሥራ የባለዕዳውን ሀብት ማግኘት ነው። ፍርድ ቤቱ ባለዕዳውን አስጠርቶ ስለ ሀብቱ ሊጠይቀው ይችላል፤ ነገር ግን ባለዕዳው የሚደብቀውን ነገር ፈልጎ የሚያሳየው ባለገንዘቡ ነው። እዚህ ላይ የቀድሞ ተከራይ ከሌላው ባለገንዘብ ሁሉ የተሻለ ዕድል አለው። ሸቀጥ በሌሊት ተጭኖ ይሄዳል፤ ገንዘብም ከባንክ ወጥቶ በሌላ ሰው ስም ይቀመጣል፤ ሱቁ ግን ከቆመበት አይነቃነቅም። በውስጡም ዛሬ ሌላ ነጋዴ ተቀምጦ በየወሩ ኪራይ ይከፍላል። ያ ኪራይ የአከራዩ ሀብት ነው። ስለዚህ ባለሱቁ የአዲሱን ተከራይ ስምና አድራሻ ገልጾ ቢያመለክት፤ ፍርድ ቤቱ ተከራዩ ኪራዩን ለአከራዩ እንዳይከፍል ከልክሎ በፍርድ ቤት በኩል እንዲያስገባ ሊያዝ ይችላል። ኪራዩ እንደ ቀድሞው 10,000 ብር ቢሆን፤ ዋናው ዕዳ በ4 ወር ተከፍሎ ያልቃል። አዲሱም ተከራይ በትእዛዙ መሠረት ስለ ከፈለ ከዕዳው ነጻ ነው፤ የሚጐዳው ነገር የለም። እንግዲህ ከእርሱ ጋራ በመልካም መነጋገር እንጂ እንደ ባላጋራ መቍጠር አይገባም።

ቤቱን ራሱን አስይዞ በሐራጅ ማሸጥ በሕግ የተፈቀደ ነው። ሆኖም ለ40,000 ብር ሲባል ይህን መንገድ አስቀድሞ መያዝ ጊዜን ይፈጃል፤ ቤቱም ለባንክ በመያዣ ተሰጥቶ እንደ ሆነ ባንኩ ቀዳሚ ነው። ደግሞም በሥነ ሥርዓቱ ሕግ ቁጥር 404 መሠረት የማይያዝ ንብረት አለ፤ ልብስ፤ የማብሰያ ዕቃ፤ መኝታና ሰውየው ዕለት እንጀራውን የሚያገኝበት የሥራ መሣሪያ ከዚህ ውስጥ ናቸው። ሕጉ ባለዕዳው እንዲከፍል ያስገድደዋል እንጂ ራቁቱን እንዲቀር አይፈልግም።

አከራዩ ሽማግሌ ልኮ በየወሩ ልክፈል ቢል፤ ነጋዴው እምቢ ለማለት አይቸኩል። ገንዘቡ ቀስ ብሎም ቢሆን ከገባ ሐራጁና የመመላለሱ ድካም ይቀራል። ነገር ግን ስምምነቱ በጽሑፍ ይሁን፤ የሚከፈለውም ሁሉ በደረሰኝ ይሁን፤ ለፍርድ ቤቱም ይገለጽ። ከፍርድ ቤት ውጭ ተከፍሎ ያልተመዘገበ ገንዘብ ለሁለቱም ወገን ሌላ ክርክር ይወልዳል።

በመጨረሻም፤ ፍርድን የማስፈጸም ሥራ የሚጀመረው የኪራዩ ውል በሚፈረምበት ቀን መሆኑን ማስተዋል ይጠቅማል። የአከራዩን መታወቂያና የቤቱን የይዞታ ማረጋገጫ ግልባጭ ከውሉ ጋራ ያያያዘ፤ ኪራዩንም በእጅ ሳይሆን በአከራዩ የባንክ ሒሳብ ያስገባ ነጋዴ፤ የከፈለበትን ማስረጃና የባለዕዳውን የሒሳብ ቍጥር አብሮ ይዟል። እንዲህ ያለው ሰው ጠብ ቢነሣ ፍርዱን በእጁ ይዞ «ሀብቱ የት ይሆን?» እያለ አይጨነቅም።