የአንጎል የደም ሥር እብጠትና ሥዕል አንባቢው መኪና

በሲሪንቃ ወይም በመርሳ ገበያ ሲነግድ ያረፈደ ሰው በድንገት «ራሴን!» ብሎ ቢወድቅ፣ አጠገቡ ያለው ሰው መጀመሪያ የሚለው «ምች መታው» ነው። ዳማከሴ ታሽቶ ይቀርብለታል። ብዙ ጊዜ ሕመሙ ቀላል ስለሆነ ሰውዬው ይነሣል። አንዳንድ ጊዜ ግን የጣለው ምች ሳይሆን በአንጎሉ ሥር የፈነዳ የደም ሥር ነው። ስለዚህኛው ጉዳይ፣ እንዲሁም ሐኪሞችን ይረዳል ስለሚባለው አዲስ መኪና ጥቂት ላስረዳ።

ሐኪሞች አኑሪዝም የሚሉት በደም ሥር ግድግዳ ላይ የሚወጣ እብጠት ነው። የብስክሌት ጎማ ውስጠኛው ላስቲክ በሳሳበት በኩል ሲነፋ ቋጠሮ እንደሚያወጣ ሁሉ፣ የአንጎል ደም ሥርም በተለይ ቅርንጫፍ በሚያወጣበት ስፍራ ይነፋል። ከ100 ጎልማሶች 3 ያህሉ ይህ እብጠት አለባቸው፤ አብዛኞቹም ሳይፈነዳባቸው ዕድሜያቸውን ይጨርሳሉ። የደም ግፊትና ትምባሆ ግን አደጋውን ያብሱታል። ከፈነዳ ከሕመምተኞቹ ሲሶ ያህሉ ወይም ከዚያ የሚበልጡት ይሞታሉ። ምልክቱም ሰውዬው በዕድሜው አይቶት የማያውቅ፣ በቅጽበት የሚበረታ የራስ ፍልጠት፣ ማስመለስ፣ የአንገት መገተር፣ አንዳንዴም ራስን መሳት ነው። እንዲህ ያለውን ሕመምተኛ በዳማከሴ ማቆየት አይገባም፤ ዳግመኛ የመድማቱ ሥጋት የሚበረታው በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓቶች ውስጥ ነውና።

እብጠቱን ለማየት በክንድ ደም ሥር መድኃኒት ተሰጥቶ በሲቲ ስካን የራስ ሥዕል ይነሣል። ሥዕሉ አንድ አይደለም፤ በመቶ የሚቆጠር ስስ ቁራጭ ነው። የራጅ ሐኪሙ ይህን ሁሉ አገላብጦ፣ ከጤፍ ፍሬ ጥቂት የሚተልቅ፣ ከምስር የሚያንስ ነገር መፈለግ አለበት። በደከመ ዓይን ቢያልፈው አያስደንቅም።

ሰው ሠራሽ አስተውሎት የተባለው የኮምፒዩተር ጥበብ የገባው እዚህ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 በአሜሪካ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሄድኤክስኔት የሚባል ሥራ አሳተሙ። ከ662 ሕመምተኞች የተነሡ 818 ምርመራዎችን ሰበሰቡ። ሐኪሞች እብጠቱን በየሥዕሉ ላይ እየከበቡ ምልክት አደረጉበት፤ መኪናውም እየገመተ፣ በተሳሳተ ቁጥር ስሌቱን እያረመ ተማረ። ከዚያ 8 ሐኪሞች 115 ምርመራዎችን አንድ ጊዜ ብቻቸውን፣ ሌላ ጊዜ በመኪናው ርዳታ አነበቡ። እብጠት ካለባቸው 100 ምርመራዎች ብቻቸውን 83 ያህሉን ያገኙ የነበሩት፣ በርዳታው 89 ያህሉን አገኙ። የንባቡ ጊዜ ግን ይህን ያህል አላጠረም። መኪና የሰውን ሥራ ያቀላጥፋል ብለን ለምንመካ ለእኛ ይህ ልብ የሚባል ነው፤ በዚህ ጥናት ያተረፈው ጥንቃቄን እንጂ ጊዜን አይደለም።

እንግዲህ ይህንኑ መኪና አምጥተን ብንተክለው ምን ይሆናል? መልሱን ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ሲሪንቃ የታወቀችው በእርሻ ምርምር ማዕከሏ ነው። ማዕከሉ እንደ ግራና-1 ያለ የማሽላ ዘር ያወጣው በየቦታውና በየዓመቱ እያበቀለ፣ ዝናብ ሲያጥር እንዴት እንደሚሆን እያየ ነው። በሌላ አገር መሬት የሰመረ ዘር ያለ ሙከራ ለገበሬ አይታደልም። ለሥዕል አንባቢው መኪናም ሕጉ ያው ነው። የተማረው በአንድ ሆስፒታል ሥዕል ብቻ ነው፤ ቀድሞ በራሳቸው ውስጥ ብረት የገባላቸው ሕመምተኞች ሥዕልም ከጥናቱ ወጥቶ ነበር። የማንሻው መኪና ዓይነት ሲለወጥ፣ የሕመምተኛው ሁኔታ ሲለወጥ፣ ግምቱ ሊዛባ ይችላል። በእኛ ሆስፒታሎች የተነሡ ሥዕሎች ከነውጤታቸው ተጠብቀው ካልተቀመጡ በምን እንፈትነዋለን?

ከዚህም በፊት የሚቀድም ነገር አለ። መኪናው የሚያነበው የተነሣ ሥዕል ነው። የሲሪንቃው ሰው ከሥዕል በፊት መንገድ ያስፈልገዋል፤ ከመንገዱ በኋላ የሚሠራ ሲቲ ስካን፣ መብራት፣ በክንድ የሚሰጠው መድኃኒት። በ2013 መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት የወልድያና የደሴ ሆስፒታሎች ንብረት መዘረፉን የማያውቅ የለም። እብጠቱ ከተገኘ በኋላም በቅንጥብ የሚዘጋው ወይም በቀጭን ሽቦ የሚደፍነው እጅ ያስፈልጋል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከኖርዌዩ በርገን ዩኒቨርሲቲ ጋር ተባብሮ የአንጎል ቀዶ ጥገና ሐኪሞችን በአገር ውስጥ ማሠልጠን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2006 ብቻ ነው፤ ቀድሞ ሙያው የሚገኘው በባሕር ማዶ ነበር።

ይህን ስል መኪናውን መናቄ አይደለም። በውጭ አገር ሆስፒታሎች የሚሠራበት ሌላ ዓይነትም አለ፤ ይኸውም እብጠትን ሳይሆን የፈሰሰ ደምን የሚፈልግ፣ ደም ያየበትንም ሥዕል ከተራው አውጥቶ በሐኪሙ ፊት የሚያስቀድም ነው። በሌሊት አንድ ተረኛ ሐኪም ብቻ ባለበት ሆስፒታል፣ ከገበያ ተሸክመው ላመጡት ሰው ከሁለቱ የትኛው ይቅደም ቢሉኝ፣ በበኩሌ የምመርጠው ይህን ሁለተኛውን ነው፤ እሱም ቢሆን በእኛ ሥዕል ተፈትኖ።